ግምት

ፖስተኛው ጥሎት ሄደ በጥር በረዶ ላይ፣
ቢጫ ፖስታ ነበር፣ የማዘጋጃ ጉዳይ።
ፍሎሬት ፔልቲዬር፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ፈልጋ ፈልጋ መነጽሯን ካናቷ
አግኝታ አነበበች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፤
ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ቁጥሩ ግን ትልቅ።

«የቤትዎ ግምት በሦስት እጥፍ አድጓል፤
የዘንድሮው ግብር በዚሁ ተሰልቷል።»

ሳቅ ቀደማት መጀመሪያ።
«አድጓል ይላል፣ ኦቪላ! የቱ ጋ ነው ያደገው?
እኔስ አጠርሁ እንጂ፣ ምኑን አረዘመው?
ጣሪያው ያው ጣሪያ ነው፣ ባልዲ የሚጠብቀው፣
ሦስተኛው ደረጃም ስንረግጠው የሚያመው።
ያደገው ሌላ ነው፣ ከቦስተን የመጣ፣
ሐይቅ ዳር ቤት ገዝቶ ለሐምሌ የሚወጣ፣
አሥር ወር በጨለማ የሚከርም ቤቱ፤
በሱ ወገብ ለክተው ለኔ ነው መቀነቱ።»

ኦቪላ አልመለሰም።
ኦቪላ ዐፈር ነው፣ ስድስተኛ ክረምቱ።
ወረቀት ፋብሪካ አለቀ ጉልበቱ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ጥቅልል እየገፋ፤
ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሽታውም ጠፋ።
እሱ የሠራው ነጭ፣ ዛሬ ቁጥር ለብሶ፣
ደጇን አንኳኳባት ዞሮ ተመልሶ።

የከተማውን ልጅ ሃያ ስድስት ዓመት፣
ጭልፋ ይዛ ቆማ በትምህርት ቤት ምሳ ቤት
ግብር ያበላች ሴት፣ ግብር አምጪ አሏት፤
ያኛውን ግብሯን ግን መዝገብ አልያዘላት።

ጡረታዋን ቆጥራ በእርሳስ አካፈለች፣
ለማሞቂያ ዘይት ይኼን ያህል አለች፣
የደም ግፊት ክኒን በቢላ ገመሰች፤
አሁንም ጎደለ። እርሳሱን አስቀመጠች።

(እኔ ቤት ስመታ የሚጠይቀኝ የለ፤
ቤት ማቆየት ግን ሌላ፣ ሰው ስንት ከፈለ!)

የማዘጋጃው ጸሐፊ ብሬንት ይባላል፣
በዘጠኝ ዓመቱ መስኮቷን ሰብሯል።
ኦቪላ አልጮኸበት፤ ስቱኮ አቀበለው፣
«ያፈረሰ ይሥራ፣ አንተው ግጠመው» አለው።
ዛሬም ስቱኮው ላይ፣ በመስኮቱ ጥግ፣
የልጅ ጣት አሻራ አለ ሳይጠረግ።

«ቅናሽ አለ» አላት፣ «ላረጋዊ ሁሉ፤
እዚያው ለመኖርዎ ማስረጃ ያምጡ ይላሉ።»
«ብሬንት፣ አንተ አታውቅም?»
«እኔማ አውቃለሁ። ቅጹ ነው የማያውቅ።»
ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዐይኑን ከሷ ሊያርቅ፤
«ደግሞ... ካርታው ላይ ሁለት ስም ሰፍሯል ጎን ለጎን፤
የሟች ስም ሳይሰረዝ ቅናሹ አይሆን።»
«ስንት ነው?»
«በዓመት ስምንት መቶ ዶላር።»
«ስሙን ነዋ የምሸጠው!»
ብሬንት መልሱን ዋጠው።

የካቲት አለፈ።
መጋቢት ላይ በረዶው ጠቁሮ እያነባ፣
ያ የሚያመው ደረጃ፣ ከሥሩ ሥር ገባች፣
በባትሪ ብርሃን እንጨቱን ዳበሰች፦
በአናጢ እርሳስ «ኦ. ፔ.፣ ጥቅምት፣ ሰባ አንድ»።
ገማቹ በሜትሩ ሁሉን ሲለካ፣
ይቺን አላያትም፣ እጁም አልነካ።

የመጨረሻው ቀን፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣
የሞት ወረቀቱን አኖረች፣ ደክማ፤
«እባክህ» አለችው፣ «በእርሳስ ሰርዘው።»
«ኮምፒውተር ነው እኮ፣ እርሳስ አይነካው።»
አንድ ቁልፍ ተጫነ።
ድምፅ እንኳ አልነበረው።

ግንቦት ላይ መጣላት ሌላ ቢጫ ፖስታ፤
ስምንት መቶ ቀለለ። ይኼው እፎይታ።
ስሟ ብቻውን ነው፣ ከጎኑ ነጭ ባዶ፣
በረዶ እንደጣለበት የመንደር መንገዶ።
እርሳሷን አነሣች። በደቃቅ ፊደሏ
«እና ኦቪላ» አለች፣
ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፣ በአሮጌ ማግኔት።

ውጭ ያካፋ ነበር።
ባልዲዋን ፈለገች።